ሽማግሌ የተላከበት ፓስፖርት

ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው የሌላ ሰው ፎርም ሞልቶ አያውቅም። እኔ ሞልቻለሁ፤ ዝምም ብያለሁ። በእኔ ዝምታ የተነሳ አንድ ፓስፖርት ተሰድዷል፣ ሽማግሌዎች በታመመ ጉልበታቸው ቆመዋል፣ አንዲት ድመት ቤት ቀይራለች። ዝምታው ደግሞ አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም ነበር። ልክ ለመናገር አርባ ሰከንድ ነው። ሰዓት አልያዝኩም፤ ግን በዚያ መሐል ፎቶኮፒው ስምንት ገጽ አውጥቷል፤ ማሽኑ ለአንድ ገጽ አምስት ሰከንድ ይፈጅበታል።

የምሠራው ሮም፣ ቪያ ቮልቱርኖ ላይ፣ ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ስልክ የሚጠገንበትና ፎቶኮፒ የሚነሳበት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው። ፎርም መሙላት የተጨመረው ከጊዜ በኋላ ነው። ማንም አላስተማረኝም። ጣልያንኛውን እንኳ የተማርኩት ከመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ታጥፎ ከሚወጣው ወረቀት ነው። ለዚህ ሳይሆን አይቀርም ሰው እንዴት አደርክ ብዬ ስጠይቅ የጎንዮሽ ጉዳት የምዘረዝር የሚመስለው። ሕግ ሳነብ አንቀጹን፣ ከአንቀጹ ሥር ያለውን ቁጥር፣ ከቁጥሩ ሥር ያለችውን ፊደል ካላየሁ ምግብ አይበላልኝም። ሰፈሩ ይህን ዕውቀት ይለዋል። እናቴ በሌላ ስም ነው የምትጠራው፤ እዚህ አልጽፈውም።

እትዬ ሙሉ ጎረቤታችን ናቸው። ኤስኲሊኖ ሰፈር ውስጥ፣ ሊፍቱ በጋ ሲገባ ተበላሽቶ በጋ ሲወጣ በሚጠገን ሕንፃ፣ እኛ ሁለተኛ ፎቅ እሳቸው አራተኛ ፎቅ እንኖራለን። ሮም ከገቡ ሃያ ስድስት ዓመታቸው ነው። አሥራ ዘጠኙን ያሳለፉት አንዲት ሲኞራ፣ አሮጊት እመቤት፣ ሲያስታምሙ ነው። ሲኞራዋ በየዓመቱ "ይህ የመጨረሻ ገናዬ ነው" ይሏቸዋል፤ እትዬ ሙሉም "እንዲህ እያሉ ጥያቸው አልሄድም" ብለው ጉዟቸውን ለከርሞ ያስተላልፋሉ። በዚህ ዓይነት አሥራ ዘጠኝ የመጨረሻ ገና ተከበረ። ሲኞራዋ በዘጠና ስምንት ዓመታቸው ሲያርፉ ድመታቸውን ለእትዬ ሙሉ በአደራ ሰጡ። የድመቷ ስም ኮንቴሳ ነው፤ የመሳፍንት ሚስት የምትጠራበት ማዕረግ መሆኑ ነው። እሷም ማዕረጉን አላዋረደችውም። ከሳህን ካልሆነ አትበላም።

ከዚያ በኋላ ነው እትዬ ሙሉ የጣልያን ዜግነት የጠየቁት። ፎርሙን የሞላሁት እኔ ነኝ። ጁራሜንቶ የሚባለው የመሐላ ቀን ደርሶ፣ ምለው፣ ፈርመው፣ በማግስቱ ወደ ሱቁ መጡ።

"አሎራ፣ እንግዲህ ይኸው ጣልያን ሆንኩልህ" አሉኝ፣ እኔ ያዘዝኳቸው ይመስል።

"እንኳን ደስ ያለዎት።"

"ያ የኢትዮጵያ ፓስፖርቴስ ምን ይሆናል?"

እኔም እንደ ወረቀቱ አስረዳኋቸው። ጣልያን ሁለት ዜግነት ትፈቅዳለች። ኢትዮጵያ ግን አትፈቅድም፤ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያውን እንደተወ ይቆጠራል። ስለዚህ ከእንግዲህ በዚያ ፓስፖርት መጓዝ አይቻልም። እስከዚህ ድረስ ያልኩት ሁሉ ልክ ነበር።

"ቢገኝብኝስ?" አሉ እትዬ ሙሉ።

እዚህ ላይ ዝም አልኩ። ጥያቄው ከባድ ስለሆነ አይደለም፤ ስላልተሟላ ነው። የሚያገኘው ማነው? የጣልያን ፖሊስ ነው ወይስ የኢትዮጵያ? የት ነው የሚያገኘው? ቤት ነው ወይስ ኤርፖርት? ሁለቱን በሁለቱ ሳባዛ አራት ጥያቄ ሆነ። ለአራቱም መልስ ሳዘጋጅ ማሽኑ ስምንተኛውን ገጽ አወጣ። ቀና ስል እትዬ ሙሉ ፊቴን እያዩ ነበር።

"ገባኝ" አሉና ወጡ።

ምን እንደገባቸው አልጠየቅኩም። መልሱ በአራቱም በኩል "ምንም አይሆኑም" ነበር። አሮጌ ፓስፖርት መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ በየትም አገር ወንጀል አይደለም። ይህን ለእናንተ እየነገርኳችሁ ነው፤ ለእሳቸው ግን አልነገርኳቸውም።

ዓመት አለፈ። አንድ ቀን እትዬ ሙሉ ሱቁ ውስጥ ገብተው፣ ሳይቀመጡ፣ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ወረወር አድርገው "ወንድሜ ደወለ" አሉኝ።

ጋሽ ዘለቀ አዲስ አበባ ያሉ ታላቅ ወንድማቸው ናቸው። እናትና አባት ሲሞቱ ያሳደጓቸው እሳቸው ናቸው። እትዬ ሙሉ የሰባት ዓመት ሕፃን ሳሉ በጀርባቸው አዝለው ትምህርት ቤት ያደረሷቸው ናቸው፤ ይህን ታሪክ አራተኛ ፎቅ የወጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አሁን ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል።

"ዓይኑ እየሄደ ነው። ሐኪሙ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ግን በየቀኑ ጠብታ እያደረግን እናቆየዋለን ብሎታል። ‘የቀረው ሳይሄድ ፊትሽን ልየው’ አለኝ።" እዚህ ላይ ድምፃቸው ትንሽ ወረደ። "ጠብታውን የሚያደርግለት ሰው የለም። ሄጄ እስኪረጋ ድረስ አብሬው ልቀመጥ ነው። ቲኬት ቆርጫለሁ፤ የዛሬ ወር ነው። በል፣ የሚያስፈልገውን ወረቀት ንገረኝ።"

"ቪዛ በስልክ ልሙላልዎት?" አልኩ።

"የምን ቪዛ?"

"የቱሪስት።"

ፊታቸውን ልታዩት ይገባ ነበር። "ቱሪስት? የምጎበኘው ወንድሜን ነው ወይስ ስድስት ኪሎ ያለውን አንበሳ? ለገዛ ቤቴ ደጃፍ ፈቃድ ልጠይቅ?"

"ቀኑም ውስን ነው" አልኩ፤ እሳቸውን ለማጽናናት ሳይሆን ልክ ስለሆነ። "እንግዲያው ቢጫ ካርድ ያውጡ።"

ቢጫ ካርድ የሚባለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው። እሱን የያዘ ሰው የጣልያን ፓስፖርቱን ይዞ ያለ ቪዛ ይገባል፤ እንደ እንግዳም ቀን አይቆጠርበትም። እትዬ ሙሉ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸውና ተቀመጡ። የኢትዮጵያ ኤምባሲ አፑንታሜንቶ፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ያዝኩላቸው፤ ቅርቡ በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ነበር። ከዚያ የሚያስፈልገውን ማንበብ ጀመርኩ፤ የጣልያን ፓስፖርት አለ፣ ፎቶ አለ፣ የተሞላ ፎርም እኔ አለሁ።

"ትውልድዎ ኢትዮጵያዊ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃም ይላል። የድሮው ፓስፖርትዎ ይበቃል።"

እትዬ ሙሉ የነጠላቸውን ጫፍ ማጠፍ ጀመሩ።

"የት ነው ያለው?"

"ውጭ አገር ነው።"

"አዲስ አበባ?"

"ቫቲካን" አሉ እትዬ ሙሉ።

ፎቶኮፒውን አጠፋሁት።

"ምን ታፈጥብኛለህ?" አሉኝ። "አንተ አይደለህ እንዴ ያስደነገጥከኝ? ቢገኝብኝስ ስልህ ሬሳ ያየህ መስለህ ዝም አልክ። ያን ሁሉ ሕግ ያነበበ ልጅ እንዲህ ዝም ካለ፣ ለነገሩ ስም ቢያጣለት ነው አልኩ። ዜግነቱን ሊነጥቁኝ ነው አልኩ። ቫቲካን ደግሞ ሌላ አገር ነው። የጣልያን ፖሊስ ዘው ብሎ አይገባበትም። ታዲያ ለፊሎሜና በአደራ ሰጠኋት።"

ነገሩን ለማታውቁ፦ ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባለው የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን ከታላቁ የጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ እዚያው ቫቲካን ግዛት ውስጥ ነው። እትዬ ፊሎሜና ደግሞ እትዬ ሙሉ በየእሑዱ አጠገባቸው የሚቀመጡላቸው ወዳጃቸው ናቸው። እናታቸው የአስመራ፣ አባታቸው ጣልያን፣ ያደጉት ካዛንቺስ። ለበዓል ቤተ ክርስቲያኑን በአበባ የሚያስጌጡት እሳቸው ስለሆኑ፣ እትዬ ሙሉ ያ ወረቀት ከአበባው ጋር እዚያው የሚቀመጥ መስሏቸዋል።

እሑድ ሄድን። የቫቲካን በር ላይ ዘበኛው ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀን። እኔ ነኝ የመለስኩት። አንዲት የጣልያን ዜጋ፣ ጣልያን ከመሆናቸው በፊት የነበራቸውን የኢትዮጵያ ፓስፖርት፣ የጣልያን ሕግ እንዳያገኘው በማለት በቫቲካን ግዛት በግለሰብ እጅ ያስቀመጡትን ለማውጣት መሆኑን በዝርዝር አስረዳሁት። ዘበኛው ሌላ ዘበኛ ጠራ። ለሁለተኛውም ደገምኩለት፤ ሲደገም ጉዳዩ ከመጀመሪያውም የባሰ መሰለ። ሁለተኛው መናገሪያ ሬዲዮኑን ሲያነሳ እትዬ ሙሉ በክርናቸው ገፋ አድርገውኝ ወደ ፊት ቀረቡ።

"ቅዳሴ" አሉ።

በሩ ተከፈተ።

"የኔ ጌታ" አሉኝ ከገባን በኋላ፣ "መናገር በሚገባህ ጊዜ ዝም ትላለህ፤ ዝም ማለት በሚገባህ ጊዜ ትናገራለህ። እግዜር ሲፈጥርህ ገመዱን አዛብቶት ነው።"

ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ፊሎሜናን ደጁ ላይ አገኘናቸው። ቁመታቸው አጭር፣ ጫማቸው የተወለወለ፣ ቦርሳቸውን እንደ ጋሻ ከፊታቸው የሚይዙ ሴት ናቸው። እትዬ ሙሉ አቅፈው ሳሙና "ያችን ፓስፖርቴን አምጪልኝማ፣ ልሄድ ነው" አሏቸው።

እትዬ ፊሎሜና ወደ ግራ አዩ። ወደ ቀኝ አዩ። እኔንም ከእግር እስከ ራስ አዩኝ።

"የምን ፓስፖርት?" አሉ።

"ፊሎ! የሰጠሁሽን ነዋ!"

"የሰጠሽኝ ቀን ምን ነበር ያልሽኝ? ‘ማንም መጥቶ ሙሉ ልካኛለች ቢልሽ እንዳትሰጪ።’ ብለሻል?"

"ብያለሁ፤ አሁን ግን የመጣሁት እኔ ራሴ ነኝ።"

"‘እኔ ራሴ መጥቼ ብጠይቅሽ እንኳ አስገድደውኝ ይሆናልና እንዳትሰጪ’ ብለሻል አላልሽም?"

እትዬ ሙሉ ነጠላቸውን እንደገና ወደ ትከሻቸው መለሱ።

"ታዲያ በምን ልወቅ ስልሽ፣ ‘ሦስት ሽማግሌ የላክሁብሽ ቀን ስጪ፤ ፖሊስ ሽማግሌ አይልክም’ አልሽኝ። እኔ የካዛንቺስ ልጅ ነኝ፣ አደራ አልበላም። ሽማግሌ ላኪ።" አሉና ቦርሳቸውን አስተካክለው ሄዱ።

እኔ በበኩሌ በጣም ነው ያከበርኳቸው። በሕይወቴ ካየኋቸው ሰዎች፣ አንድን ደንብ እስከ መጨረሻው ንዑስ ቁጥር የፈጸሙ የመጀመሪያው ሰው ናቸው። ይህን ለእትዬ ሙሉ ብነግራቸው እስከ ትራም ፌርማታው ድረስ አላናገሩኝም።

ሮም ውስጥ ሽማግሌ ማግኘት ቀላል ይመስላችኋል። ሽበት በሽበት ነው። ግን "ሽማግሌ ይሁኑልን" ሲባል ሰው ሁሉ ወጣት ይሆናል። ሦስት ቀን ቪያ ቮልቱርኖን ከላይ እስከ ታች አስሼ ሁለት አገኘሁ። አንደኛው ጋሽ ጆቫኒ ናቸው፤ አባታቸው የጭነት መኪና መካኒክ የነበሩ ጣልያን፣ እናታቸው የአራት ኪሎ ሴት። ስማቸውን ሰምታችሁ እንዳትታለሉ፤ በአማርኛ ተረት የሚስተካከላቸው የለም። ሁለተኛው ጡረታ የወጡ ወጥ ቤት፣ ጋሽ ታደሰ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሦስተኛው ሰው እሺ ካሉ በኋላ በቀጠሮው ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ወገባቸው ያዛቸው።

"አንተ ግባበት" አሉኝ ጋሽ ጆቫኒ።

"ሃያ ሰባት ዓመቴ እኮ ነው።"

"ጠባይህ ሰባ ነው። ሱፍ አለህ?"

አለኝ። አንድ ነው፤ ጥቁር ሰማያዊ። ለራሴ ጁራሜንቶ የገዛሁት ነው።

በልማዱ መሠረት ሽማግሌ የላከ ሰው አብሮ አይሄድም፤ ስለዚህ እትዬ ሙሉ ከእትዬ ፊሎሜና ሕንፃ ሥር፣ ደረጃው ላይ ቀሩ። የእትዬ ፊሎሜና ቤት ከእኛ ቤት አራት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ጋሽ ጆቫኒና ጋሽ ታደሰ ነጠላቸውን ደርበው ከፊት፣ እኔ በሱፌ ከኋላ ሆነን አንኳኳን። የከፈተችልን ልጃቸው ላውራ ናት። አማርኛ ስትሰማ ታውቃለች፤ ስትናገር ግን ግማሹ ጣልያንኛ ነው። ሁለቱን ነጠላ አየች። ሱፌን አየች። ክራቫቴን አየች። ፊቷ ቀላ።

"ማማ!" ብላ ጮኸች ወደ ውስጥ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ "ስማ፣ ደህና ልጅ ትመስላለህ፤ እኔ ግን ፊዳንዛቶ አለኝ። በመስከረም ልንጋባ ነው" አለችኝ።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ብናገር ነገሩ ያልቅ ነበር። እኔ ግን ማሰብ ጀመርኩ። አንቺን ልጠይቅ አይደለም የመጣሁት ብላት መስደብ ይሆናል። ዝም ብላት መዋሸት ይሆናል። የትኛው እንደሚቀል ሳመዛዝን ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ልቤን የሰበረችው መስሏት እጄን ይዛ ጨበጠችኝ። ክፉ ልጅ አይደለችም። ማግባት ቢኖርብኝ ኖሮ... ይህ ግን ከጉዳያችን ውጭ ነው።

ሳሎን ገባን። "ተቀመጡ" አሉ እትዬ ፊሎሜና። "ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ጆቫኒ፣ ደንቡ እንደሚያዘው። ጋሽ ታደሰ ወንበሩን አይተው ተነፈሱ።

ጋሽ ጆቫኒ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስለ ጉርብትና፣ ስለ አገር ልጅነት፣ ስለ አደራ ክብደት፣ ስለ ዶሮ የማታ ህልም ተናገሩ። የዶሮዋ እንኳ እስካሁን አልገባኝም። አሥር ደቂቃ ሲሞላ ወደ ጉዳዩ መጡ፤ ላውራም ጉዳዩ ፓስፖርት መሆኑን ሰምታ፣ ደስ ብሏት ይሁን ቅር ብሏት ሳልለይ፣ ለጋሽ ታደሰ ውሃ ልታመጣ ሄደች።

"ሽማግሌ በመላካችሁ አመሰግናለሁ" አሉ እትዬ ፊሎሜና። "ዘመድ ላማክርና ቀጠሮ እሰጣችኋለሁ። የዛሬ ወር ተመለሱ።"

"የዛሬ ወር?" አሉ ጋሽ ታደሰ፤ የተናገረው ጉልበታቸው ነበር።

"በአንድ ጊዜ ተጠይቆ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ነገር አለ እንዴ? የት ነው የተለመደው?"

በደንቡ ልክ ናቸው። ልጅ ቢሆን በአንድ ቀን አይሰጥም። ጋሽ ጆቫኒም ይህን ስለሚያውቁ ወለሉን ማየት ጀመሩ፤ እኛም ተከተልናቸው። ከነገ ወዲያ ዓርብ ነው። እዚያ መሐል ላይ እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ ድምፄን ሰማሁት።

"እትዬ ፊሎሜና፣ አፑንታሜንቶው ዓርብ ነው። ዓርብ ካለፈ ካርዱ ለቲኬቱ አይደርስም። ወንድማቸው ዓይናቸው እየጠፋ ነው፤ ጠብታ የሚያደርግላቸው የለም። የዛሬ ወር ቢሰጧቸው እትዬ ሙሉ ያዩዋቸዋል፤ እሳቸው ግን እትዬ ሙሉን ላያዩ ይችላሉ።"

እትዬ ፊሎሜና አዩኝ። "ይኼ ልጅ ይናገራል እንዴ?" አሉ። ከዚያ ቦርሳቸውን፣ ቤታቸው ውስጥ እንኳ ከእጃቸው ያልተለየውን፣ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

"ቪዛ ብታስሞላት ምን ነበረበት?" አሉኝ፤ የቁጣ ድምፅ አልነበረም። "ቪዛ ቀን አለው። ቀኑ ሲያልቅ ውጪ ይላታል፣ ትመለሳለች። ይኼ ቢጫ ካርድ ያላችሁት ግን ማን ውጪ ይላታል? ሰው ሁሉ ‘ሁለት ወር ነው’ ብሎ ነው የሚሄደው። ወንድም ይታመማል፣ ቤት ይታደሳል፣ ሁለት ወሩ ሁለት ዓመት ይሆናል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አጠገቤ ማን ነው የሚቀመጠው? የላውራ ፊዳንዛቶ?"

ማንም አልተናገረም። ያ ዝምታ፣ እውነቴን ነው፣ ወርቅ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የእኔ አልነበረም።

በሩ ክፍት ስለነበር እትዬ ሙሉ ሁሉንም ሰምተዋል። ልማዱን አክብረው ደረጃው ላይ የቀሩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ቀስ በቀስ እየወጡ በሩ ጋ ደርሰዋል። ገብተው እትዬ ፊሎሜናን አዩ። ዞረው ወጡ።

"ተቀየመች" አሉ እትዬ ፊሎሜና፤ ፊታቸው አመድ መሰለ።

ቆመን ጠበቅን። ጋሽ ታደሰ ክብደታቸውን ከግራ እግር ወደ ቀኝ አዛወሩ፤ መለሱ። "ለገዛ ልጄ ሠርግ እንኳ እንዲህ አልቆምኩም" አሉ። "ቁም፣ ቁም" አሉ ጋሽ ጆቫኒ፣ "ቆሞ የለመነ ተቀምጦ ይበላል።" ይህን ተረት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼው አላውቅም፤ እዚያው የፈጠሩት ይመስለኛል። አራት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ ሄዶ፣ አራት ፎቅ በእግር ወጥቶ፣ ወርዶ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ መመለስ ለአንዲት የስልሳ አራት ዓመት ሴት ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል።

እትዬ ሙሉ ሲመለሱ ደረታቸው ከፍ ዝቅ እያለ ነበር። እጃቸው ላይ ክዳን ያለው ቅርጫት አለ። ቅርጫቱን እትዬ ፊሎሜና እግር ሥር አስቀምጠው ከፈቱት። ኮንቴሳ ራሷን አወጣች፣ ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር ገመገመች፣ እንዳልወደደችው አስታወቀች።

"ይኸው" አሉ እትዬ ሙሉ። "ሲኞራዬ ነፍሷ ሲወጣ እጄን ይዛ አደራ ያለችኝ ናት። አሁን እኔ ላንቺ አደራ እሰጣለሁ። የሞተ ሰው አደራ በልቼ አዲስ አበባ ቁጭ የምል ይመስልሻል? ልወስዳት እመለሳለሁ።"

"ድመት ያስነጥሰኛል!"

"እንግዲያው እያነጠስሽ ጠብቂኝ።"

እትዬ ፊሎሜና ድመቷን አዩ። ድመቷ እሳቸውን አየች። ከዚያ ተነስተው ወደ መኝታ ቤት ሄዱ፤ ፍራሽ ሲነሳ ተሰማ፤ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ተመለሱ።

"ቫቲካን አልነበረም እንዴ?" አልኩ ሳላስበው።

"ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የዓለም ወረቀት አስቀምጣለሁ? ፈሪሃ እግዚአብሔር የለኝም?" አሉና አነጠሱ።

ፓስፖርቱ አንድም ቀን ከጣልያን ወጥቶ አያውቅም። ዓመት ሙሉ ከአልጋዬ አራት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ተኝቷል።

"አሁን ተቀመጡ" ተባለ። ጋሽ ታደሰ ቃሉ ሳያልቅ ነበር ወንበሩን ያገኙት።

የዓርቡ ነገር እንኳ ለወግ አይበቃም። ከመስኮቱ ኋላ ያለችው ወጣት ሴት ፓስፖርቱን ገለጠች፣ ፎቶውን አየች፣ እትዬ ሙሉን አየች፣ "እናቴ፣ ኮፒ ይዘዋል?" አለች። ሰባት ኮፒ ይዤ ነበር። አንዱ በቃት። "ይህን የድሮውን እንዳይጥሉት፤ ሌላ ጊዜም ይፈለግ ይሆናል" ብላ መለሰችላቸው። ቢጫ ካርዱ ለጉዞው አራት ቀን ሲቀረው እጃቸው ገባ።

ኤርፖርት የሸኘናቸው እኔና እትዬ ፊሎሜና ነን። ሁለቱ ተቃቅፈው ከቆዩ በኋላ እትዬ ሙሉ ወደ እኔ ዞሩ፤ ያን በመሐረብ የተጠቀለለውን እጄ ላይ አደረጉት።

"መንገድ ላይ ከሚጠፋብኝ አንተ ዘንድ ይሁን። አደራ። ማንም ቢጠይቅህ እንዳትሰጥ፣ እንዳታሳይ። እኔ ራሴ ብጠይቅህ እንኳ!"

"ሦስት ሽማግሌ?"

"ሦስት ሽማግሌ!" ብለው እየሳቁ ገቡ። እኔ ግን ቃሉን እንዳለ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

በአራተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ሱቁ ውስጥ ሳለሁ ስልኬ በምስል ጠራ። እትዬ ሙሉ ናቸው። ከአጠገባቸው ባርኔጣ ያደረጉ፣ ቀጭን፣ ረጅም ሽማግሌ አሉ። ሳያስተዋውቁኝ አወቅኳቸው፤ አፍንጫው አንድ ነው።

"አንተ ነህ የወረቀቱ ሊቅ?" አሉኝ ጋሽ ዘለቀ። "እግዜር ይስጥህ። አሁን አንድ ነገር አስቸግርሃለሁ። እኔ የሸኘኋት እህቴ ፀጉሯ ጥቁር፣ ጉንጯ ሙሉ ነበረች። ይህቺ የመጣችው ሴትዮ ድምፅዋ የሙሉ ነው፣ ጠብታውንም ስታደርግልኝ እጇ የሙሉ ነው። ፊቷ ግን የእናታችን ነው። የቀረችኝ ብርሃን ትንሽ ናት፤ ልጠቀምባት። ኤምባሲውን ያሳመናችሁበት ወረቀት ላይ የያኔው ፎቶዋ አለ አሉ። ለእኔም አሳየኝ።"

"ደስ ይለኛል" አልኩ። "ግን አልችልም።"

"ምን አልክ?" አሉ እትዬ ሙሉ።

"ሦስት ሽማግሌ ያስፈልጋል። ‘እኔ ራሴ ብጠይቅህ እንኳ’ ብለዋል። ተጽፏል።" ደብተሩን ወደ ስልኩ አሳየኋቸው።

"አንተ ልጅ፣ አብደሃል? እኔ ነኝ እኮ!"

"ፊሎሜናን ያስተማርሻት ደንብ ይኼ ነው?" አሉ ጋሽ ዘለቀ፤ ሙሉውን ታሪክ ሰምተውት ኖሮ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ይስቃሉ። "ተይው፣ ልጁ እውነቱን ነው። አደራ አደራ ነው። ሽማግሌ ነው የፈለግከው? ሰፈሩ ያለ ሽማግሌ ምን አለበት! አንዱ እኔው ነኝ። ጠብቀኝ።"

ስልካቸው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ ጣሪያቸውን ሳይ ቆየሁ። በር ተከፈተ፣ ስም ተጠራ፣ በትር መሬት ሲመታ ተሰማ። እትዬ ሙሉ ስልኩን ሲያነሱት ሦስት ሽማግሌዎች በመስመር ቆመው አገኘኋቸው፤ የአንደኛው ግንባር ብቻ፣ የሌላኛው ጆሮ ብቻ ነው የሚታየኝ። መሐል ላይ ጋሽ ዘለቀ አሉ።

"የመጣነው" አሉ ባለጆሮው በከባድ ድምፅ፣ "አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። ሳይፈጸምልን አንቀመጥም።"

እኔም ከወንበሬ ተነሳሁ። ለምን እንደተነሳሁ አላውቅም። መሐረቡን ፈታሁ፣ ፓስፖርቱን ገለጥኩ፣ ፎቶውን ወደ ስልኩ አቀረብኩ። የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት፤ ፀጉሯ ጥቁር፣ ጉንጯ ሙሉ፣ ፎቶ አንሺው እንዳትስቂ ያላት ይመስላል፤ ግን ልትስቅ ምንም አልቀራትም።

ጋሽ ዘለቀ ስልኩን ተቀብለው ወደ ፊታቸው አስጠጉት፤ አስጠጉት፤ አስጠጉት፤ በመጨረሻ በስልኬ ላይ የቀረው ዳር ዳሩን ጉም የሸፈነው አንድ ዓይን ብቻ ሆነ። ዓይኑ ቆየ። ስንት ሰከንድ እንደቆየ አልቆጠርኩም።

ከዚያ ስልኩን ዝቅ አድርገው ወደ ጎናቸው፣ እትዬ ሙሉ ወደቆሙበት፣ ዞሩ። እሳቸውንም፣ እንደ ኤርፖርት ፓስፖርት ተቆጣጣሪ፣ እንደዚያው አስጠግተው አዩ።

"እሷ ናት" አሉ። "ትግባ።"

ከዚያ በኋላ ነው ሦስቱም የተቀመጡት።